ከሕግ ዲግሪ ወደ ድርጅት ነገረ ፈጅነት፦ ጎጃም ላይ ሥራ ለሚፈልግ ምሩቅ የአሠራር መመሪያ

«ዳኛም ዐቃቤ ሕግም ካልሆንኩ በሕግ ዲግሪዬ ምን እሠራለሁ?» ይህ ጥያቄ ከደብረ ማርቆስም ከባሕር ዳርም በየጊዜው ይመጣልኛል። ሰሞኑን ደግሞ ከእንጅባራና ከፍኖተ ሰላም ጭምር። ብዙዎቹ ጠያቂዎች ድርጅት ውስጥ ነገረ ፈጅ (የድርጅቱን የሕግ ጉዳይ የሚይዝ ተቀጣሪ ባለሙያ) ሆኖ መቀጠር እንደሚቻል ሰምተዋል። የሚቸግራቸው ከየት እንደሚጀምሩ ነው። መልሱን በየስልኩ ከምደጋግመው አንድ ቦታ ጽፌ ላስቀምጠው።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ያዙ። ድርጅት ነገረ ፈጅ የሚቀጥረው ችሎት ቆሞ እንዲከራከርለት ብቻ አይደለም። ከሁሉ በፊት ጉዳዩ ችሎት እንዳይደርስ ይፈልጋል። መድረሱ ካልቀረ ደግሞ ሰነዱ ተሟልቶ እንዲደርስ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ከታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው በሁለት ነገር ላይ ነው፦ ጽሑፍና ቀን።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሕግ ዲግሪ (ኤልኤልቢ) ወይም ቴምፖ (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃ)፣ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ ትራንስክሪፕት
- የታደሰ መታወቂያ ወይም ፋይዳ
- የፍትሐ ብሔር ሕግና የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ
- የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013
- የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011
- የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008
- ባንክ ለምታመለክቱ ስለ ባንክ መያዣ የሚናገረው አዋጅ ቁጥር 97/1990፣ የገበሬዎች ዩኒየን ለምታመለክቱ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009
- የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር (መሠረታዊ የሕግ ስሕተት የሚያርመው ችሎት) ውሳኔ ቅጾች፣ በፒዲኤፍ ቢሆንም ይበቃል
- ሦስት የራሳችሁ የጽሑፍ ናሙናዎች (ደረጃ 4 ላይ አለ)
- አንድ ወፍራም ደብተር

የጥብቅና ፈቃድ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። አልረሳሁትም። ተቀጣሪ ሆናችሁ ለቀጣሪያችሁ ስትከራከሩ የምትቆሙት በውክልና ነው።

ደረጃ 1፦ የትኛውን ዓይነት ድርጅት እንደምትፈልጉ ለዩ

«የትም ይሁን» የሚል አመልካች የትም አይዘጋጅም። ሥራው እንደ ድርጅቱ ዓይነት ስለሚለያይ መጀመሪያ ለዩ።

ባንክና ማይክሮፋይናንስ። የዲስትሪክት ቢሮዎቻቸው ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ አሉ። ሥራው በአብዛኛው የብድርና የመያዣ ውል፣ ከዚያም ብድሩ ሲበላሽ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ነው። በአዋጅ 97/1990 መሠረት ባንክ ለተበዳሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መሸጥ ይችላል። ፈተናቸውም ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ፋብሪካ። ቡሬ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የዘይት ፋብሪካ አለ። ደብረ ማርቆስም የዘይት ፋብሪካ አላት። ደጀን ሲሚንቶ፣ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅና ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። እዚህ ቀኑን የሚበላው የሠራተኛ ጉዳይ፣ የአቅርቦት ውልና ታክስ ነው።

የገበሬዎች ዩኒየን። እንደ መርከብና ዳሞት ያሉት ማዳበሪያ ያከፋፍላሉ፣ እህል ይገዛሉ፣ ይሸጣሉ። ምሩቃን ይረሷቸዋል። በእኔ ግምት ግን ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መማሪያ የለም፤ ውል፣ ብድር፣ የአባላት ጭቅጭቅ፣ ሁሉም አንድ ቢሮ ውስጥ ይመጣል። የአባላት ክርክር በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት እንደማይሄድ፣ መጀመሪያ በዕርቅና በሽምግልና እንደሚያልፍ ከአዋጅ 985/2009 አንብባችሁ ሂዱ።

የመንግሥት ልማት ድርጅት፣ ኢንሹራንስ፣ ሆስፒታልና የግል ኮሌጅም ነገረ ፈጅ ይቀጥራሉ። ትንንሾቹ አማካሪ ጠበቃ በውል ይይዛሉ እንጂ ቋሚ ሠራተኛ አይቀጥሩም። እነሱ ዘንድ ደጅ አትጥኑ።

ደረጃ 2፦ ወረቀታችሁን አሁኑኑ አስተካክሉ

ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ቀናት በላይ ክፍት አይቆይም። ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ሬጅስትራር ፊት የተሰለፈ ሰው ቀኑ ያልፍበታል።

የትምህርት ማስረጃችሁን ኮፒ አድርጉ፣ ስካንም አድርጋችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። መብራትና ኢንተርኔት በጠፋበት ቀን ኮፒ ቤት ፍለጋ መዞር አያዋጣም። የወጪ መጋራት (ኮስት ሼሪንግ) ዕዳ ያለባችሁ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማውጣት ምን እንደሚጠበቅባችሁ ከዩኒቨርሲቲያችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የስም ፊደል አንድ ይሁን። ዲግሪው ላይ «ኃይለማርያም»፣ መታወቂያው ላይ «ሀይለ ማሪያም» ከሆነ የሰው ኃይል ክፍል ወረቀታችሁን ወደ ጎን ሊያደርገው ይችላል። የሕግ ባለሙያ ሲሆን ደግሞ የበለጠ ያስተዛዝባል።

የሥራ ልምድ ካላችሁ ደብዳቤው ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን የሥራ መደብ፣ በስንት ደመወዝ እንደሠራችሁ ይናገር። ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ ከሆነ ብዙ ቀጣሪዎች የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በትውውቅ የተጻፈ ደብዳቤ ስለበዛ ነው።

ደረጃ 3፦ ሕጉን እንደ ሠራተኛ አንብቡት

ለመውጫ ፈተና ያነበባችሁት ሰፊ ነው። ነገረ ፈጅ ጠበብ አድርጎ፣ ግን እስከ ቁጥሩ ድረስ ያውቃል። ሥራ አስኪያጁ በስልክ «እንችላለን ወይስ አንችልም?» ሲል መልስ የሚጠብቀው እዚያው ነው። እነዚህን እስኪገቧችሁ አንብቡ፦

ከፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ስለ ውል በጠቅላላው ከቁጥር 1675 ጀምሮ ያለውን። በተለይ 1772ን። ተዋዋዩ አልፈጸመም ብላችሁ መብታችሁን ከመጠየቃችሁ በፊት ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ብዙ ደህና ክስ የሚንገዳገደው ይህች ደብዳቤ ስለሌለች ነው። 1922ንም ጨምሩ፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክ ያልተጻፈበት የዋስትና ውል አይጸናም።

ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ከ26 እስከ 28 ያሉትን አንቀጾች፣ ከዚያ ስለ ይርጋ (መብት በጊዜው ሳይጠየቅ ሲቀር ስለሚቋረጥበት ገደብ) የሚናገሩትን።

ከንግድ ሕጉ፣ ስለ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርና ስለ አክሲዮን ማኅበር። ማን እንደሚፈርም፣ የጠቅላላ ጉባኤና የቦርድ ሥልጣን የት ላይ እንደሚለያይ።

ከታክስ አስተዳደር አዋጁ፣ ቅሬታና ይግባኝን። የታክስ ውሳኔ ማስታወቂያ ከደረሰ ቅሬታ የሚቀርበው በ21 ቀን ውስጥ ነው። ድርጅቱ የክልል ግብር ከፋይ ከሆነ ግን የክልሉን አዋጅ እዩ።

ሰበርን አትዝለሉ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም የክልል ፍርድ ቤቶችንም ያስገድዳል። የአዋጁን አንቀጽ ብቻ ይዛችሁ ስትቀርቡ ተከራካሪያችሁ የመዝገብ ቁጥር ይዞ ከመጣ ቀኑ የእሱ ነው።

ደረጃ 4፦ ሦስት ናሙና ጻፉ

ዋናው ደረጃ ይህ ነው። ዜሮ ዓመት ልምድ ያለው ሰው «መሥራት እችላለሁ» ቢል ማን ይሰማዋል? የጻፈውን ሲያሳይ ግን ይሰማል። የሌላ ሰው ጉዳይ አትጠቀሙ፤ ፍሬ ነገሩን ራሳችሁ ፍጠሩ።

ሀ. አንድ ውል። ለምሳሌ ፍኖተ ሰላም ያለ ዩኒየን ቡሬ ላለ የምግብ ፋብሪካ 1,000 ኩንታል በቆሎ ሊሸጥ ነው። አብዛኛው ተመራቂ «ሻጭ ጥራቱን የጠበቀ በቆሎ ያቀርባል» ብሎ ያልፋል። ጠቡ የሚነሳው እዚችው ቃል ላይ ነው። ጥራት ማለት ምንድን ነው? እርጥበቱ ከስንት በመቶ አይበልጥም? ማን ይለካል? የሚሠራው የማን ሚዛን ነው፣ የሻጭ መጋዘን ወይስ የፋብሪካው በር? ጆንያው የማን ነው? ጫኝና አውራጅ ማን ይከፍላል? ክፍያው በስንት ቀን? እያንዳንዱን ጻፉት። ገጠር ስለሆነ ይተማመናሉ አትበሉ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው መጀመሪያም ለገበሬና ለነጋዴ ነው።

ከዚያ መንገድ ቢዘጋስ? እኛ አካባቢ ይህ ከመማሪያ መጽሐፍ የወጣ ጥያቄ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1792 ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚባለው ተዋዋዩ ሊያስበው የማይችለውና እንዳይፈጽም ፍጹም የሚያግደው ነገር ነው። መንገዱ በየጊዜው እየተዘጋ ባለበት ወር የተፈረመ ውል ላይ «አላሰብኩትም» ማለት ይከብዳል። ስለዚህ ውሉ ራሱ ይናገር፦ መንገድ ከስንት ቀን በላይ ከተዘጋ ማስረከቢያው በስንት ቀን ይራዘማል፣ ማን ለማን በምን ያሳውቃል፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ውሉ ይፈርሳል፣ ቀብድ ይመለሳል ወይ። ይህን አንቀጽ በደንብ የጻፈ አመልካች ጎጃም ላይ ለሚሠራ ድርጅት ወዲያው ይታየዋል።

ለ. አንድ የሕግ አስተያየት፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ። ጉዳዩ ይህ ይሁን፦ ገንዘብ ያዡ ጉድለት ተገኝቶበታል፣ ሥራ አስኪያጁ «ነገረ ፈጁ፣ ዛሬውኑ አሰናብትልኝ» ብለዋል። መልሱን የመጀመሪያው መስመር ላይ አስቀምጡ። ከዚያ ፍሬ ነገሩ፣ ሕጉ፣ ምክሩ። ሥራ አስኪያጅ ሦስት ገጽ ታሪክ አያነብም። ሁለት ነጥቦች መግባት አለባቸው። አንደኛ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብት አሠሪው ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል። ኮሚቴ አቋቁሞ ወር ከመንፈቅ የሚያጉላላ ድርጅት መብቱን በገዛ እጁ ይጥላል። ሁለተኛ፣ የስንብት ደብዳቤው ምክንያቱንና ቀኑን ይግለጽ፤ ክርክሩ ሲመጣ ማስረዳት የአሠሪው ነው።

ሐ. አንድ የመከላከያ መልስ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክስ ቀረበ በሉና መልስ ጻፉ። መጀመሪያ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ (ሥልጣን፣ ይርጋ)፣ ከዚያ በፍሬ ነገሩ። ቅደም ተከተሉ የተፈለገው ለውበት አይደለም። መቃወሚያ በጊዜው ካልተነሳ እንደተተወ ሊቆጠር ይችላል።

ሦስቱን ለአንድ ጠበቃ ወይም ለአስተማሪያችሁ አሳዩና አርሙ። ጋሼ የምትሉት ዘመድ ጠበቃ ካለ ቡና ጋብዙትና እርሳስ ስጡት።

ደረጃ 5፦ ማስታወቂያ ፈልጉ፣ አመልክቱ

ማስታወቂያ በሪፖርተርና በአዲስ ዘመን፣ በክልሉ ደግሞ በበኩር ጋዜጣ ይወጣል። ኢትዮጆብስና የቴሌግራም የሥራ ቻናሎችም አሉ። የባንኮችን የራሳቸውን ገጽ ተከታተሉ። ዩኒየኖችና ፋብሪካዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚለጥፉት የራሳቸው ሰሌዳ ላይ ነው። በእግር ዙሩ።

ስትፈልጉ በአንድ ስም አትወሰኑ። «ነገረ ፈጅ»፣ «የሕግ ባለሙያ»፣ «የሕግ ኦፊሰር»፣ «የኮንትራት አስተዳደር ባለሙያ»፣ «የሕግ ተገዢነት (ኮምፕላያንስ) ኦፊሰር»፣ «የብድር ማስመለስ ባለሙያ»። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ላይ የሕግ ምሩቅ ብዙ አያመለክትም።

ማመልከቻው ከግማሽ ገጽ አይለፍ፤ ለመደቡ የሚመጥነውን አንድ ናሙና አባሪ አድርጉ።

*ማስጠንቀቂያ፦* ለ«ምዝገባ»፣ ለ«ፎርም» ወይም ለ«ሥልጠና» ብር በቴሌብር ላኩ የሚል ማስታወቂያ ቀጣሪ አይደለም። ዋናውን ዲግሪ ለማንም አስረክባችሁ አትምጡ፤ አሳዩና ኮፒውን ስጡ።

ደረጃ 6፦ ፈተናና ቃለ መጠይቅ

የጽሑፍ ፈተናው ብዙ ጊዜ ክስ ወይም መልስ ማርቀቅ፣ ውል ማረም ወይም አስተያየት መስጠት ነው። ደረጃ 4ን የሠራ ሰው ግማሹን ጨርሷል። ሰዓት ካጠራችሁ ንድፉን በአጭሩ ጻፉ፤ ፈታኙ የሚያየው ጉዳዩን ለይታችሁ ማየታችሁን ነው።

ቃለ መጠይቁ ላይ ከሕጉ ይልቅ የሚፈተነው አነጋገራችሁ ነው። «ሥራ አስኪያጁ ሕግ የማይፈቅደውን አድርግ ቢልህስ?» የተለመደ ጥያቄ ነው። «እምቢ እላለሁ» ብቻ መልስ አይሆንም። አደጋው ምን እንደሆነ በጽሑፍ እንደምታሳውቁ፣ ሕጉ የሚፈቅደውን ሌላ መንገድ እንደምታቀርቡ ንገሯቸው። ድርጅቱ የሚፈልገው መውጫ መንገድ የሚያሳየውን ሰው ነው።

ደመወዝ «በስምምነት» ከተባለ ቁጥር ይዛችሁ ግቡ። ለቀጠሮ ከከተማ ስትወጡ አበልና ትራንስፖርት እንዴት እንደሚከፈል አብራችሁ ጠይቁ። ቡሬ ተቀምጣችሁ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ የምትመላለሱ ከሆነ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያዎቹን ወራት በሥርዓት ጀምሩ

የሙከራ ጊዜ በአዋጅ 1156/2011 ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቷችሁ ይችላሉ። ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል አድርጉ።

መጀመሪያ ውክልናችሁን አንብቡት። «ማናቸውንም ሥራ እንዲሠራልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና በፍትሐ ብሔር ሕግ የሚሰጠው የማስተዳደር ሥልጣን ብቻ ነው (2204)። መክሰስና ለክስ መልስ መስጠት፣ መታረቅ፣ ጉዳዩን በግልግል ዳኛ ለማየት መስማማት ልዩ ሥልጣን ይጠይቃሉ (2205)። እያንዳንዱ በስሙ ተጽፎ፣ ሰነድ በሚያረጋግጥ አካል ተረጋግጦ ይሰጣችሁ። የፈረመላችሁ ሥራ አስኪያጅ ከተቀየረም ውክልናው አሁንም የሚሠራ መሆኑን አጣሩ።

ቀጥሎ የቀን መዝገብ ክፈቱ። ወፍራሙ ደብተር ለዚህ ነው። የመዝገብ ቁጥር፣ ችሎት፣ ተከራካሪ፣ ቀጠሮ፣ የተሰጠ ትእዛዝ፣ የይግባኝ የመጨረሻ ቀን። ስልክ ላይ መመዝገብ ጥሩ ነው፣ ስልክ ግን ይጠፋል። በመደበኛ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይግባኝ 60 ቀን አለው። በሥራ ክርክር ግን 30 ቀን ነው። 60 ነው ብሎ ተዝናንቶ የተቀመጠ ሰው የድርጅቱን ይግባኝ ይቀብራል።

ከዚያ የድሮ ፋይሎችን ገልብጡ። ያለ ፊርማ የቀረ ውል፣ ያለፈበት ዋስትና፣ ያልታደሰ ንግድ ፈቃድ ታገኛላችሁ። ዝርዝሩን በአንድ ገጽ አድርጋችሁ ለሥራ አስኪያጁ ስጡ። ከእናንተ በፊት የነበረውን ሰው ስም ሳታነሱ።

ስለ ፍርድ ቤት አንድ ነገር ልጨምር። ተከራካሪዎቹ የተለያየ ክልል ነዋሪዎች ሲሆኑ ጉዳዩ የፌዴራል ሊሆን ይችላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ ይሠራል። ለደብረ ማርቆሱ ተከሳሽ አዲስ አበባ ድረስ አትሂዱ። ችሎቱ በየትኛው ሥልጣኑ እንዳየው ግን ብይኑ ላይ ይታይ፤ ይግባኙ የሚሄድበት የሚወሰነው በዚያ ነው።

*ማስጠንቀቂያ፦* የሥራ አስኪያጁን የግል የቤት ጉዳይ ወይም የባለድርሻውን የውርስ ክርክር «እግረ መንገድህን ያዝልኝ» ይሏችኋል። ውክልናችሁ ለድርጅቱ ነው። የሌላ ሰው ጉዳይ ያለ ጥብቅና ፈቃድ ይዞ መቆም ያስጠይቃል፤ ለጎረቤትም ለዘመድም እንዲሁ።

ደረጃ 8፦ ቀጣዩን እርከን አስቡ

የተለመደው መስመር ጀማሪ ነገረ ፈጅ፣ ነገረ ፈጅ፣ ከፍተኛ ነገረ ፈጅ፣ ከዚያ የሕግ አገልግሎት ኃላፊ ነው። ወደ ጎንም መንገድ አለ። የቦርድ ቃለ ጉባኤ በደንብ የሚጽፍ ሰው ወደ ቦርድ ጸሐፊነት፣ የባንክ መመሪያዎችን የሚከታተል ወደ ኮምፕላያንስ፣ የሠራተኛ ጉዳይ የሚያውቅ ወደ ሰው ኃይል ኃላፊነት ይሄዳል። ጥብቅና የሚያምራችሁ ደግሞ ፈቃዱ የሥራ ልምድና ፈተና ይጠይቃል። ለፌዴራል አዋጅ ቁጥር 1249/2013ን አንብቡ፤ ለክልሉ ፍትሕ ቢሮን ጠይቁ።

ማስተርሱ ላይ አትቸኩሉ። መጀመሪያ የቱ ዘርፍ እንደሚስባችሁ ሥራው ያሳያችሁ፤ ታክስ ነው ያላችሁት ሰው ሠራተኛ ጉዳይ ላይ ሊገኝ ይችላል።

የተለመዱ ስሕተቶች

- የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ልኮ የደረሰኝ ፊርማ አለማስቀረት። ማስረዳት ያለባችሁ ደብዳቤው መላኩን ሳይሆን መድረሱን ነው።
- ዋናውን ሰነድ ፍርድ ቤት ፋይል ውስጥ መተው። ኮፒ አያይዙ፣ ዋናውን ለማመሳከር ብቻ አቅርቡ።
- ከበይነ መረብ የተቀዳ ውል ውስጥ የሌላ አገር ሕግ ሳያነቡ መተው። «ይህ ውል በኬንያ ሕግ ይገዛል» የሚል የሲሚንቶ ማጓጓዣ ውል አይቻለሁ።
- በአዲሱ ሕግ የተተኩትን የ1952 ንግድ ሕግ ቁጥሮች እየጠቀሱ መጻፍ። ዩኒቨርሲቲ የተሰጣችሁ ሞጁል አሮጌ ከሆነ አንቀጹን በ1243/2013 አስተያዩት።
- የቃል ምክር መስጠት። ሥራ አስኪያጁ ኮሪደር ላይ ቢጠይቃችሁም ቢሮ ተመልሳችሁ በሁለት መስመር ጽፋችሁ ላኩለት፤ ነገሩ ሲበላሽ «ነገረ ፈጁ ይቻላል ብሎኛል» መባሉ አይቀርም።
- ከሥራ ስትለቁ የልምድ ደብዳቤና የግብር ማረጋገጫውን «በኋላ እመጣለሁ» ብሎ መውጣት። ክሊራንስ በምትጨርሱበት ቀን ሁለቱንም ማኅተም አስመትታችሁ ውጡ።